የርካሽ ዕቃ ቀሪ ሒሳብ

በዛሬው ጽሑፋችን የምናጠናው በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ርካሽ» የሚለው ነው። ገበያ ወጥተን ስንመለስ «በርካሽ አገኘሁት» እንላለን፤ ዋጋው ዝቅ ባለ መጠንም ብልህ ሸማች የሆንን ይመስለናል። ኑሮ በከበደበት በዚህ ዘመን ገንዘቡን ቆጥቦ የሚገዛ ወጣት ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ርካሽ ዕቃ የሚገዛውን ድሀ ለመውቀስ አልተዘጋጀም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ዕቃ ለእኛ ርካሽ ሲሆንልን፣ እኛ ያልከፈልነውን ቀሪ ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው?

ቋንቋችን ራሱ ስለዚህ ነገር የሚያስተምረን አለ። «ረከሰ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። የጤፍ ዋጋ ሲቀንስ «ጤፍ ረከሰ» እንላለን፤ ሰው ክብሩን ሲያጣም «ረከሰ» እንላለን። በአንጻሩ «ውድ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ዋጋው ከፍ ያለ ጫማ «ውድ ጫማ» ይባላል፤ የምንወዳት እናታችንም «ውድ እናቴ» ትባላለች። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ዕቃ ቢረክስ ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ዕቃው የረከሰው ሠሪው ሰው ስለ ረከሰ ከሆነ ነው።

1. ከደጃችን እንጀምር

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚገኙ፣ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለዋና ከተማይቱ ቅርብ ስለ ሆኑ፣ መሬቱም የቤት ኪራዩም ከመሐል ከተማ ይቀንስ ስለ ነበረ፣ ፋብሪካውም ሠራተኛውም ወደ እነርሱ ጎረፈ። ስለዚህ ስለ ርካሽ ጉልበት ለማጥናት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ማለዳ በፈረቃ መለወጫ ሰዓት መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል።

በመጀመሪያ ሰበታን እንመልከት። በዓለም ገና በኩል አይካ አዲስ የተባለ፣ በቱርክ ባለሀብቶች የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ፋብሪካ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር። ጥጡን ከመፍተል አንሥቶ ልብሱን ሰፍቶ እስከ ማሸግ ድረስ በአንድ ግቢ ይሠራ የነበረ፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ያቀፈ ፋብሪካ ነው። ሰበታ ላይ የተሰፋው ልብስ በጀርመን መደብሮች ይሸጥ ነበር። በኋላ ግን ፋብሪካው ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ የተበደረውን ከፍተኛ ገንዘብ መክፈል ስላልቻለ ባንኩ ተረክቦታል። ይህን የምናነሣው ርካሽ ጉልበት ብቻውን ለፋብሪካው ባለቤትም ቢሆን የብልጽግና ዋስትና እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ሁለተኛ ቡራዩን እንመልከት። በቡራዩና በአካባቢው ከጋሞ ደጋማ አገር የመጡ ብዙ ሸማኔዎች ኖረዋል፤ ይኖራሉም። እሑድ እሑድ ለብሰነው ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ነጭ ነጠላ ስንት እጅ አልፎ እንደሚመጣ አስበን እናውቃለንን? ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የእናቶች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። ጥለት ያለው ከሆነ ደግሞ ክሩን አንድ በአንድ በዓይኑ እየለቀመ ይሠራዋል። ወገቡና ዓይኑ የሚከፍሉት ዋጋ በነጠላው ላይ አልተጻፈም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሕፃናቱ ነገር ነው። ከጋሞ አካባቢ ትንንሽ ልጆች «አዲስ አበባ ወስደን እናስተምራቸዋለን» እየተባሉ ከወላጆቻቸው ተወስደው በሽመና ቤቶች ከማለዳ እስከ ሌሊት ሲሠሩ መገኘታቸው ለብዙ ዓመታት የታወቀ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሥራ መሥሪያ ቤት በየዓለሙ በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት የሚመረቱ ዕቃዎችን ዘርዝሮ በሚያወጣው መዝገብ ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ውጤት ከቡናና ከወርቅ ጋር ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ነጠላ በሕፃን እጅ ተሠራ ማለት አይደለም፤ ብዙው በአባወራ ሸማኔዎች የላብ ውጤት ነው። ነገር ግን ገዢው «ቀንስ፣ ቀንስ» እያለ ሲገፋ፣ ነጋዴውም ሸማኔውን ሲገፋ፣ ግፊያው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው መልስ መስጠት በማይችለው በልጁ ጫንቃ ላይ ነው።

ስለ እነዚህ ወገኖቻችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። ያን ጊዜ በአርባ ምንጭ ቁጣ የተነሣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው ከበቀል መልሰውታል። ገበያ ላይ ስለ ዋጋ ብቻ የምንከራከራቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ትልቅ ትምህርት ለአገር ያስተማሩ ናቸው። ከኖርንበት ዘመን አስተሳሰብ የወረስነው ሸማኔን የመናቅ ልማድ ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛ ሱሉልታን እንመልከት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ተራራ ከሸፈነ ወዲህ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት እናቶችና ልጃገረዶች ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ፣ ከሠላሳ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ኖረዋል። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይበልጥ ስለሚሰፋ ከኋላ ለሚያያት የሚታየው እንጨቱ እንጂ ሰውዮዋ አይደለችም። የሸክሙ ዋጋ የሚተመነው በእንጨቱ ብዛት ነው፤ የጎበጠ ጀርባ፣ የወረደ ጽንስ፣ በጥበቃ መባረር በዋጋው ውስጥ አይገቡም። በከተማ እንጀራ በርካሽ ሲጋገር ከኖረ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ያልታሰበ ሒሳብ ነው። ከእነዚህ እናቶች መካከል በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ወደ ሽመናና ወደ ሌላ የእጅ ሥራ የተሸጋገሩ መኖራቸው ደግሞ ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያል።

2. የአንድ ካኔተራ ጉዞ

ከደጃችን ወጣ ብለን ነገሩን በሰፊው እንመርምር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የአሜሪካና የአውሮፓ ታላላቅ የልብስ ኩባንያዎች ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ምክንያት ስውር አልነበረም። በአጎዋ ሕግ መሠረት ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር፤ መብራቱ ርካሽ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የሰው ጉልበት ርካሽ ነው። መንግሥትም ባለሀብት ሲጋብዝ ይህንኑ እንደ መልካም ነገር ይጠቅስ ነበር።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለዚሁ ፓርክ ያወጡት ጥናት የሚከተለውን አሳየ። የአንዲት ጀማሪ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጊዜ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207፣ በቻይና 326 ዶላር ይከፈል ነበር። ልብስ አምርተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው የእኛ ነበር ማለት ነው። 26 ዶላር በጊዜው ምንዛሬ 750 ብር ገደማ ነው። በወር 26 ቀን ለምትሠራ ልጅ ሲካፈል በቀን ከ29 ብር አይበልጥም። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ሳሙና፣ ለእናት የሚላክ አለ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በብር ጨምሯል፤ ነገር ግን የዕቃው ዋጋም አብሮ ወጥቷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ብር በዶላር ሲመነዘር ከግማሽ በላይ ወርዷል። ስለዚህ በደመወዝ ወረቀት ላይ የተጨመረው ቁጥር ወደ ገበያ ሲወጣ እንደ ጤዛ ይተናል።

ለምን ይህን ያህል ዝቅ አለ? ፋብሪካው ክፉ ሰው ስለ ሆነ ብቻ ነው ብንል ትምህርቱን አልተረዳነውም። አሠራሩን እንመልከት። በውጭ አገር ያለ የልብስ ኩባንያ አንድ ዓይነት ካኔተራ ለማሰፋት ለብዙ አገር ፋብሪካዎች ዋጋ ይጠይቃል፤ ትእዛዙን የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለውን ላቀረበ ነው። ፋብሪካው የጥጥ ዋጋን መቀነስ አይችልም፤ የዓለም ገበያ ወስኖታል። የስፌት መኪናውን ዋጋ፣ የመርከቡን ኪራይ፣ የባንኩን ወለድ መቀነስ አይችልም። እነዚህ ሁሉ «አይሆንም» የሚል ባለቤት አላቸው። «አይሆንም» ለማለት አቅም የሌላት ሥራ ፈልጋ ከገጠር የመጣችው ልጅ ብቻ ናት። ስለዚህ የቀነሰው ሁሉ ከእርሷ ላይ ይቀነሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ብቻውን የቆመ ፈትል ግን ለሳበው ሁሉ ይበጠሳል።

ይህ ግፊያ የት እንደሚያደርስ በባንግላዴሽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚያዝያ ወር፣ በዳካ ከተማ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተሰነጠቀ። በታችኛው ፎቅ የነበሩት ባንክና ሱቆች ስንጥቁን ባዩ ጊዜ ተዘጉ። በላይኞቹ ፎቆች የነበሩት የልብስ ሰፊዎች ግን ትእዛዙ እንዳይዘገይ በማግስቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደረገ። ሕንፃውም በላያቸው ላይ ተናደ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ልብ እንበል፤ የባንኩም የሰፊዎቹም ሕንፃ አንድ ነበረ፤ ስንጥቁም አንድ ነበረ። ልዩነቱ የባንኩ ሠራተኛ «አልገባም» ለማለት መቻሉ፣ ሰፊዋ ግን የአንድ ወር ደመወዟን ካጣች ልጇ የሚበላው ማጣቱ ነው። ከዚያ መከራ በኋላ ኩባንያዎቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት ተፈራርመው ብዙ ፋብሪካዎች ተመርምረዋል። መሻሻል የሚቻል መሆኑን ይህ ይመሰክራል፤ የሚያሳዝነው ግን ከሞቱ በኋላ መምጣቱ ነው።

3. ቀሪውን የሚከፍሉት እነማን ናቸው?

እስካሁን ካየነው ተነሥተን ቀሪ ሒሳቡን የሚከፍሉትን እንዘርዝር።

አንደኛዋ ሠራተኛዋ ራሷ ናት። የምትከፍለው በብር አይደለም። ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል እየተኙ፣ ከምሳ ላይ እየቀነሱ፣ ትምህርት እያቋረጡ ይከፍላሉ። ቀን ሙሉ በአንድ መኪና ላይ አንድ ዓይነት ስፌት ስትሰፋ የምትውል ልጅ የምትሸጠው ጉልበቷን ብቻ ሳይሆን ዕድሜዋንም ጭምር ነው።

ሁለተኛው በገጠር ያለው ቤተሰቧ ነው። ልጄ ፋብሪካ ገብታ ትረዳኛለች ብሎ የጠበቀ ገበሬ፣ ልጁ ከወር እስከ ወር መድረስ ሲያቅታት ሽሮና በርበሬ፣ አንዳንዴም የኪራይ ገንዘብ ይልክላታል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በባሕር ማዶ የሚሸጠውን ካኔተራ ዋጋ ከጎተራው እየሰፈረ የሚደጉመው የኢትዮጵያ ገበሬ ሆነ ማለት ነው። ድሀው ሀብታሙን ሲደጉም እንዲህ ነው።

ሦስተኛው አገር ነው። ያ ጥናት እንዳሳየው በሐዋሳ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ ይተኩ ነበር። ዛሬ ሥራ የለመደችው ነገ ትሄዳለች፤ ሌላዋ እንደ ገና ከሀ ትጀምራለች። ሙያ አይጠራቀምም። ሙያ ካልተጠራቀመ ደግሞ አገር ከስፌት ወደ ተሻለ ሥራ አያድግም። በርካሽ ጉልበት የተጀመረ ጉዞ እዚያው ርካሽ ጉልበት ላይ ቆሞ ይቀራል።

4. አለመግዛት መፍትሔ ነውን?

አንዳንዶቻችን ይህን ሰምተን «እንግዲያውስ እንዲህ ያለ ልብስ አንግዛ፤ ፋብሪካውም ይዘጋ» እንል ይሆናል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። አገራችን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በኅዳር ወር በሐዋሳ ታላቁ ስም የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶች ሥራቸውን አጡ። ትንሹ ደመወዝ ሲቀር የተተካው ትልቅ ደመወዝ አልነበረም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሥራ ሕጉ ወደማይጠበቀው ወደ ቤት ሠራተኝነት፣ ወደ ጎዳና ንግድ ወይም ወደ ዐረብ አገር ጉዞ ማየት ነበረባቸው።

ስለዚህ ከሁለት ስሕተት እንጠንቀቅ። አንደኛው «ሥራ ማግኘታቸው ይበቃቸዋል፤ ምን ጎደላቸው?» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር የተራበ ሰው ሁሉን ይቀበላል ብሎ በረኃቡ መነገድ ነው። ሁለተኛው «ሁሉም ይቅር» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ የእኛን ኅሊና ያሳርፋል እንጂ የእርሷን ምሳ አይሞላም። ሠራተኛዋ ራሷ ስትጠየቅ የምትመልሰው መልስ ቀላል ነው፤ ሥራው ይኑር፣ ደመወዙ ያኑረኝ ነው የምትለው።

5. ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወጣት ሠራተኞች መብታቸውን ስለማያውቁ ይጎዳሉና ዋና ዋናውን እንጥቀስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያውም በቀን ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። በማኅበር የመደራጀት መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጠበቀ ነው።

አዋጁ ሁለት ነገሮችን ግን ለኋላ ትቷል። አንደኛው ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ነው። የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ያጠናዋል ተባለ እንጂ በአዋጁ ውስጥ ቁጥር አልተጻፈም፤ አዋጁ ከወጣ ዓመታት ካለፉ በኋላም የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይኸው እንዲወሰን ሲጠይቅ ቆይቷል። ሁለተኛው በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ናቸው። የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ሆነዋል። ስለዚህ በእኛው ጓዳ የምትሠራዋ እኅታችን ከፋብሪካዋ ሠራተኛ ይልቅ ሕግ የራቃት ናት። ሕግ ያልደረሰበትን ቦታ ኅሊና ሊሞላው ይገባል።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው የታዘዘው፣ ድሀ ስለ ሆነ፣ ነፍሱም በዚያች ዋጋ ላይ ተንጠልጥላ ስላለች ነው። የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5ም ከፍተን እናንብብ፤ የተቀማ ደመወዝ ዝም ብሎ እንደማይቀር ከዚያ እንማራለን።

6. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«እኛ ወጣቶች ነን፤ የዓለምን ገበያ እንዴት እንለውጣለን?» የሚል ይኖራል። የዓለምን ገበያ ባንለውጥ የራሳችንን ግዢ መለወጥ እንችላለን። የሚከተሉትን እንደ መነሻ እናቀርባለን።

ሀ/ የጥምቀት ካኔተራ። በየዓመቱ ለጥምቀት ገንዘብ አዋጥተን፣ ሥዕልና ጽሑፍ ያለበት ካኔተራ እናሠራለን። ብዙ ጊዜ ኮሚቴው ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ ለቀነሰው ይሰጣል። ይህ ከላይ ያየነው የውጭው ኩባንያ አሠራር በትንሹ መሆኑን ልብ እንበል። በሚመጣው ጥምቀት ከዋጋው ጋር ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ የሚሰፉት እነማን ናቸው? በአንድ ካኔተራ ስንት ይከፈላቸዋል? ሌሊት ሳያድሩ ለማድረስ ስንት ቀን ያስፈልጋል? ትእዛዛችንን በዋዜማው ሳይሆን አንድ ወር ቀድመን ብንሰጥ፣ ሌላ ብር ሳንጨምር እንኳ የአንድ ሰፊ እንቅልፍ እናድናለን። ጥቂት ብር መጨመር ካስፈለገም ከአቅሙ በላይ የሚሆንበትን አባል ሌሎቻችን እንሸፍን።

ለ/ የነጠላ ግዢ። ከሸማኔው ላይ በቀጥታ ስንገዛ የሚያኮራን ስንት እንዳስቀነስን መሆን የለበትም። ሱቅ ገብተን በተለጠፈ ዋጋ ላይ አንድ ቃል ሳንናገር እየከፈልን፣ መንገድ ዳር ከተቀመጠው ሸማኔ ጋር ግን ለአሥር ብር ግማሽ ሰዓት መከራከር ድፍረታችን በደካማው ላይ ብቻ መሆኑን ያሳያል። በሽመና ቤት ለትምህርት የደረሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲሠራ ካየንም ዝም ብለን አንለፍ፤ ለወላጅ፣ ለቀበሌው፣ ለንስሐ አባት መንገር ይገባናል።

ሐ/ የቤት ሠራተኛ። በየቤታችን ያለችው እኅት ደመወዟ ወር ሳያልፍ ይከፈላትን? በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለችን? ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለችን? ይህ ለወላጆቻችን ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የበላንበትን ሳህን ራሳችን ማጠብ ከጀመርን፣ ለእርሷ የማታ ትምህርት የሚሆን ሰዓት ከዚያው ይገኛል።

መ/ ሰላምታና ስም። ከፋብሪካ በፈረቃ የሚወጡትን እኅቶች በንቀት ስም የሚጠራ፣ ኪራይ ሲያከራይ «የፋብሪካ ልጅ ናት» ብሎ የሚያንጓጥጥ በመካከላችን አይኑር። እነርሱም የዚሁ ማኅበር አባላት ናቸው፤ እሑድ በፈረቃ ምክንያት ሲቀሩም ከመዝገብ የሚሰረዙ ሳይሆኑ በማታ ጉባኤ የሚጠበቁ ይሁኑ።

ሠ/ ዕውቀት። በመካከላችን ሒሳብና ሕግ የተማሩ አሉ። በወር አንድ ጊዜ ከጉባኤ በኋላ የደመወዝ ወረቀት ማንበብን፣ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ መሥራትን ለሠራተኛ አባላት ቢያስተምሩ፣ ይህ ከብዙ ስብከት የማያንስ አገልግሎት ነው።

ማጠቃለያ

የገዛነው ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛውን እኛ ከኪሳችን አውጥተን ከፍለን ጨርሰናል። ሁለተኛውን የከፈለው ሰው ግን በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በሐዋሳ ወይም በዳካ አለ፤ ደረሰኝም አልተሰጠውም። ይህን ሰው ማወቅ የሚገባን ለማዘን ብቻ አይደለም፤ ከሚቀጥለው ግዢያችን ጀምሮ ድርሻችንን ለመክፈል ነው። ዕቃው ይርከስ፤ ሰው ግን ውድ ሆኖ ይኑር።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1ኛ/ «ረከሰ» እና «ውድ» የሚሉት ቃላት ለዕቃም ለሰውም ሲነገሩ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2ኛ/ የአንድ ካኔተራ ዋጋ እንዲቀንስ ሲፈለግ ቅናሹ በሠራተኛዋ ላይ የሚያርፈው ለምንድን ነው? ጥጡ፣ መርከቡና ባንኩ ለምን አይነኩም?

3ኛ/ በገጠር ያለው ቤተሰብ የፋብሪካውን ምርት ይደጉማል የተባለው እንዴት ነው? በምታውቁት ምሳሌ አስረዱ።

4ኛ/ ፋብሪካው ቢዘጋ ይሻላል በሚለውና ደመወዙ ይሻሻል በሚለው ሐሳብ ላይ በሁለት ወገን ሆናችሁ ተከራከሩ።

5ኛ/ ለሚመጣው ጥምቀት የካኔተራ ትእዛዝ መቼና በምን ሁኔታ ይሰጥ? ውሳኔያችሁን ጽፋችሁ ለኮሚቴው አቅርቡ።